ለጽሕፈት ቤትሽ ሊኑክስ ይሆናል ወይ? አንዷ ማሽን ላይ አዎ፣ ሌላዋን አትንኪያት

ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ጥያቄሽን አሳጥሬ ልጀምር። ኮምቦልቻ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለሽ። ሁለት ዴስክቶፕ አሉሽ፤ ሁለቱም 4 ጊጋ ራም፣ ሁለቱም ዊንዶውስ 10። ተንቀራፈው አስቸግረውሻል። የደንበኛ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ቫይረስ ይገባል፣ አንቺም በየጊዜው ፎርማት ታስደርጊያለሽ። አንድ ተማሪ ደንበኛሽ «ሊኑክስ ጫኚባቸውና ተገላገይ» አለሽ፤ ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሌላ ሲስተም ነው። «እውነት ነው ወይ? አማርኛስ ይጽፋል? ሥራዬን ባበላሽስ?» ነው ያልሽው።

እኔ ደሴ ውስጥ ጥገና ላይ ነው የምሠራው፣ የራሴም ማሽን ሊኑክስ ነው። ስለዚህ ለሊኑክስ ጥብቅና ይቆማል ብለሽ ብትጠረጥሪኝ አልቀየምም። መልሴ ግን ግማሽ ነው። አንዷን ሊኑክስ አድርጊ፣ ሌላዋን እንዳለች ተያት። የትኛዋን የሚለውን ደግሞ የማሽኑ ማርጀት አይወስነውም፤ በበርሽ የሚገባውና የሚወጣው ፋይል ነው የሚወስነው።

በፍላሹ እንጀምር፣ እሱ ላይ ልጁ ልክ ነው። ያቺን ቫይረስ መቼም ታውቂያታለሽ። ደንበኛ ፍላሹን ይሰጥሻል፣ ትከፍቺዋለሽ፣ ውስጡ አንዲት ሾርትከት ብቻ ተቀምጣለች። «ፋይሌ ጠፋ!» ይላል፣ ነገ ማስገባት ያለበት መመረቂያ ጽሑፍ ነዋ። አልጠፋም። ቫይረሱ ሁሉንም ስም በሌለው ድብቅ ፎልደር ውስጥ ከቶት ሾርትከቷን በራፉ ላይ አስቀምጧል። እሷን ስትነኪያት ፎልደሩም ይከፈትልሻል፣ ቫይረሱም ማሽንሽ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ይያዛል። ደንበኛው በሚቀጥለው ቀን ተመልሶ «እናንተ ቤት ነው ቫይረስ ያስያዛችሁኝ» ይልሻል፣ እውነቱንም ነው።

ያንኑ ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ስትሰኪው ዊንዶውስ ደብቆት የነበረው ሁሉ ተዘርግቶ ይታያል። ስም የለሹ ፎልደር አለ፤ ስትከፍቺው የደንበኛው ጽሑፍ፣ ሲቪው፣ የእህቱ ሠርግ ቪዲዮ ሳይቀር ቁጭ ብሏል። ከጎኑ ሾርትከቷና ትርጉም የለሽ ስም ያለው አንድ የቪቢኤስ ፋይል፣ ማለትም ቫይረሱ ራሱ። እነሱ የተጻፉት ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚህ ምንም አያደርጉም። የሚፈለገውን ታወጫለሽ፣ ቆሻሻውን ታጠፊያለሽ፣ ፍላሹን ትመልሺለታለሽ። ይሄ ራሱን የቻለ ገቢ ነው። «እሷ ጋ ፋይል ይወጣል» የሚል ወሬ ኮምቦልቻን ለማዳረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

«ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም» ሲሉሽ ግን እንዳለ አትዋጪው። ማክሮ የሚባል ድብቅ ትእዛዝ ያለበት የወርድ ፋይል ካንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው ስትገለብጪ ተንኮሉም አብሮ ይገለበጣል፤ አንቺ ጋ ባይነሳ ደንበኛው ቤት ሲደርስ ይነሳል። ሌላው ደግሞ፣ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም ለመጫን የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ያንን ቃል ለተቀጣሪሽ አትስጪ። ለእሷ የራሷን መለያ ክፈቺላት፣ የአስተዳዳሪው ካንቺ ጋ ይቅር።

አሁን ወደ አማርኛው። ይጽፋል፣ ያውም በደንብ። ግን አዲስ መጻፍ ሌላ፣ የድሮውን መክፈት ሌላ ነው።

አዲስ ለመጻፍ አብሽሪ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ አቆጣጠር ውስጥ ከገባ ቆይቷል፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ድረ ገጹም ቴሌግራሙም ሊኑክስ ላይ በአማርኛ ይነበባል። ለመጻፊያ ኪማን የሚባለው ፕሮግራም ለሊኑክስም አለ፣ የአማርኛ ኪቦርዱን ከዚያው ታወርጃለሽ። ካልፈለግሽ አይባስ የሚባለው ላይ እንደ ድምፁ በላቲን ቁልፍ እየነካሽ ወደ ግዕዝ የሚቀይረውን ትመርጫለሽ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። እኔ ኪማንን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቴ ዊንዶውስ ላይም ስላለ ነው፣ ሁለቱም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ኪቦርድ ይኖርሻል።

እጅሽ ግን ይደናገራል፣ ይሄን ሳልነግርሽ ባልፍ ደግ አይደለም። ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ለምዶ ሳያይ የሚሮጥ ጣት «ሠ» ላይ፣ «ፀ» ላይ፣ «ኀ» ላይ፣ አራት ነጥብ ላይ ይቆማል። ቤትሽ ብቻሽን ብትሆኚ ችግር የለውም። ደንበኛ አጠገብሽ ተቀምጦ «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» እያለ አቤቱታ እያስጻፈሽ፣ ከኋላው ሁለት ሰው ቆሞ፣ አንቺ «ፀ» የቷ ጋ ናት እያልሽ ስትፈልጊ ግን የገበያ ጉዳይ ነው። በገጽ ነው የምትከፈይው። ስለዚህ ልምምዱን ሰው በሌለበት ሰዓት አድርጊው።

ጉዱ የድሮው ፋይል ነው። ዩኒኮድ ሳይለመድ በፊት ፓወር ግዕዝም ቪዥዋል ግዕዝም የሚሠሩት በብልሃት ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ፊደል የላቲን ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ ጭምብል ያጠልቅለታል። ጭምብሉ ካለ አማርኛ ይነበባል። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍቺው ጭምብሉ ይወልቃል፣ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይመጣል። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የድሮ ውል ብዙው በዚህ መንገድ የተጻፈ ነው። ደንበኛ «ይቺን ቀኑን ብቻ ቀይሪልኝ» ብሎ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ፋይል ይዞ ይመጣል፣ እንደዚህ ዓይነቱ ደንበኛ ደግሞ አያልቅም።

እንዴት እንደምትለዪው ልንገርሽ። ወርድ ላይ ፋይሉን ክፈቺ፣ አንድ መስመር ምረጪና ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው ቀይሪው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ ሊኑክስ ላይም ይከፈታል። ወደ ትርምስ ከተቀየረ የድሮው ነው። ኮምፒውተርሽ ውስጥ ካሉት ፋይሎች ካንድም ከሁለትም ላይ ሞክሪ፣ ብዛቱን ታውቂዋለሽ። የድሮዎቹን ፎንቶች ሊኑክስ ላይ ብትጭኚ ለማየትና ለማተም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለማረም ግን የመጻፊያው ፕሮግራም ራሱ ያስፈልግሻል፣ እሱ የዊንዶውስ ነው። እንግዲህ አንዷን ማሽን አትንኪያት ያልኩሽ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፓወር ግዕዝ ያለባት ትቅር።

ዩኒኮድ የሆነውም ቢሆን ትንሽ ተንኮል አለበት። የቤት ኪራይ ውል አስቢ። አከራይ፣ ተከራይ፣ ሦስት ምስክር፣ ከታች ፊርማ። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ተጽፋ አንድ ገጽ ላይ ልክክ ብላለች። ኒያላ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ሊኑክስ አብሮት አይመጣም፤ ስትከፍቻት በሌላ ፎንት ይተካዋል፣ ያኛው ሰፋ ካለ ሁለቱ ምስክሮችና ፊርማው ወደሚቀጥለው ገጽ ይንሸራተታሉ። ከጽሑፉ አንዲት ቃል አልጎደለችም፣ ግን ስምና ፊርማ ብቻውን በወጣበት ወረቀት ላይ ማን ይፈርማል? መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን አስቀድሞ መሠራት አለበት። የምትደጋግሚያቸውን ውሎችና ማመልከቻዎች ኖቶ ወይም አቢሲኒካ በሚባሉት ነፃ ፎንቶች እንደገና አሰናጂ፣ ፎንቶቹን ሁለቱም ማሽን ላይ ጫኚ። ያኔ የትም ብትከፍቻቸው ገጹ ከሞላ ጎደል አይነቃነቅም። ከውጭ የመጣውን ደግሞ ዊንዶውሷ ላይ ፒዲኤፍ አድርገሽ አሳልፊ።

የወርድ ምትክ ሊብሬ ኦፊስ ነው፣ እኔ የምመክርሽ ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ተጭኖ ይመጣል። በ2010 ከኦፕን ኦፊስ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ለማመልከቻ፣ ለሲቪ፣ ለደብዳቤ ከበቂ በላይ ነው። ሥዕል፣ ሠንጠረዥና የጽሑፍ ሳጥን የተደራረበበት የወርድ ፋይል ላይ ግን አንዳንዴ ይዘበራረቃል። የተማሪዎቹን መመረቂያ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር የምታርሚ ከሆነ ያንን ዊንዶውሷ ላይ አድርጊው፣ አማካሪያቸው በወርድ ነው የሚከፍተው። ሊብሬ ኦፊስን እንደጫንሽ ሁለት ነገር አስተካክይ፦ ሲያስቀምጥ ሁልጊዜ በወርድ ዓይነት እንዲያስቀምጥ፣ እና ለመልሶ ማግኛ የሚይዘውን ቅጂ በየ10 ደቂቃው መሆኑ ቀርቶ በየ2 ደቂቃው እንዲይዝ። መብራታችንን ታውቂዋለሽ። ሊኑክስ የሚጠቀምበት ኤክስት 4 የሚባለው የዲስክ አያያዝ መብራት ድርግም ሲል በቀላሉ አይበላሽም፣ ያልተቀመጠውን ጽሑፍ ግን እሱም አያተርፍልሽም።

ስለ ፍጥነቱ ልጁ አጋኗል። ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው እትም 4 ጊጋ ራም ላይ ዊንዶውስ 10 ከሚሄደው በላይ ቀለል ብሎ ይሄዳል፣ አዎ። ብሮውዘር ከፍተሽ ደርዘን ገጽ ስትደረድሪበት ግን ሊኑክስም ያቃስታል፣ ራም የሚበላው ብሮውዘሩ ነውና። ማሽኖችሽ የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለባቸው ከሆነ ደግሞ ቀዳሚው መድኃኒት ኤስኤስዲ፣ የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ ነው። ገንዘብ ካለሽ መጀመሪያ እሱን ግዢ፣ ሁለተኛ ራም። ኤስኤስዲ የገባላት አሮጌ ማሽን ዊንዶውስም ላይ ሌላ ሰው ትሆናለች። «ሊኑክስ አድርግልኝ» ብሎ የሚመጣ ብዙ ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነው፣ እኔም እንደዚያው ብዬ እመልሰዋለሁ። ሴንትራሉንም አስከፍተሽ አስጠርጊው። የኮምቦልቻ አቧራና ሙቀት ከደሴ ጋር አይገናኝም፣ ፋኑ ከታፈነ ምንም ብትጭኚ ይንቀራፈፋል።

ዊንዶውስ 10ን በተመለከተ፣ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ማሽኑ መሥራቱን አያቆምም፤ የተቋረጠው የጥበቃ ማሻሻያው ነው። ወደ 11 እንዳትሄጂ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ነገር ይጠይቃል፣ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። የአንቺዎቹ በዕድሜያቸው የሚያልፉ አይመስለኝም። በክራክ የሚያስገባልሽ አይጠፋም። ብዙዎቻችን ዊንዶውሱንም ኦፊሱንም በክራክ ነው የምንሠራው፣ አላወግዝሽም፣ ግን ክራኩ ራሱ ቫይረስ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የምትቀረዋ የዊንዶውስ ማሽን ኢንተርኔት ባትነካ፣ የደንበኛ ፍላሽም በቀጥታ ባይሰካባት ይመረጣል። ፍላሹ ሊኑክሷ ላይ ይሰካ፣ ይጠረግ፣ ከዚያ የሚታረመው ፋይል ብቻ በራስሽ ፍላሽ ይለፍ። ቫይረሱን የሚያስቆምልሽ ሊኑክሱ ብቻውን ሳይሆን ይሄ ሥርዓት ነው።

«ለምን ሁለቱንም አንድ ማሽን ላይ አልጭንም?» ትይ ይሆናል። ይቻላል። ለሱቅ ግን አልመክርም፣ ደንበኛ ቆሞ ማሽን አጥፍቶ ማብራት አይሆንም። ሌላም አበሳ አለው። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይይዛል፣ ዊንዶውስ በአገሩ ሰዓት። አገራችን 3 ሰዓት ስለምትቀድም ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሺ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ታገኚዋለሽ። እኛ ድሮም 6 ሰዓት እየቀነስን የምናነብ ሰዎች፣ በላዩ ላይ 3 ሲጨመርበት ረፋድ ይሁን ከሰዓት መለየት ያቅታል። ይስተካከላል፣ ግን ምን አስጨነቀሽ።

የትኛውን ሊኑክስ ካልሽ ሚንት። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ማውጫው ከታች በግራ፣ ሰዓቱ ከታች በቀኝ ነው፣ ሠራተኛሽ ብዙም አትደነግጥ። ሚንት በ2006 የተጀመረ ሲሆን የተሠራው ኡቡንቱ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሰዎች ኡቡንቱን በነፃ በፖስታ ከሚላከው ሲዲ ያስታውሱት ይሆናል፣ ያ በ2011 ቀርቷል። ተማሪው አርች ወይም ካሊ የሚባሉትን የሊኑክስ ዓይነቶች ልጫን ካለሽ ግን እጁን ያዢው። እነሱ ለሱ ዕድሜ ናቸው፣ ላንቺ ሱቅ አይደሉም። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው። የሚወርደው ፋይል ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል፣ በሞባይል ዳታ ከሆነ በሌሊት ፓኬጅ አውርጂው፤ አለበለዚያ ካለው ሰው በፍላሽ ቅጂው። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃዋል፣ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ታሰናጂዋለሽ። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ እወቂ።

ከዚያ ሳትጭኚው ሞክሪው። ፍላሹን ሰክተሽ ከሱ ማስነሳት ይቻላል፣ ሃርድ ዲስክሽን ሳይነካ ሚንት ይከፈታል። ቀርፈፍ ይላል፣ ከፍላሽ ስለሚሠራ ነው፣ ለፍጥነት አትፍረጂው። የምታዪው ድምፅ አለ ወይ፣ ዋይፋይ ይይዛል ወይ የሚለውን ነው። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልክሽን በገመድ ሰክተሽ ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሩ አጋሪ፣ አንድሮይድ ያለ ምንም ጭነት ይይዛል። በዚያ የዋይፋዩን ድራይቨር ታወርጃለሽ።

ከሁሉም በላይ ፕሪንተሩን ሞክሪ። ጽሕፈት ቤት ያለ ፕሪንተር ምንድን ነው? ኤችፒ ከሆነ በአብዛኛው ሰላም ነው፣ ኩባንያው ራሱ ለሊኑክስ የሚሆን ሶፍትዌር ያወጣል፤ አንዳንዱ ሞዴል ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት ያስወርዳል። በየሱቁ የማትጠፋው ካኖን ኤልቢፒ 2900 ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ካፕት በሚባል በራሷ ቋንቋ ነው የምታወራው፣ ሊኑክስ ላይ ለማናገር ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ተሠራች ስትይ ማሻሻያ መጥቶ ታኮርፋለች። እሷ ከሆነች ያለሽ ዊንዶውሷ ላይ ትቆይና ሊኑክሷ ፒዲኤፍ ታቀብላት።

ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የምትሠሪ ወይም ለሰው ሒሳብ የምትይዢበት ከሆነ እሱም የዊንዶውስ ነው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው በዋይን አስነሳዋለሁ ከሚልሽ ሰው ራቂ። የሰው ሒሳብ መሞከሪያ አይደለም። ጉርድ ፎቶ የምታሰናጅው በፎቶሾፕ ከሆነም እዚያው ይቅር። ጊምፕ የሚባለው ነፃው ይሠራዋል፣ ጀርባውን ነጭ ማድረግም መቁረጥም ይችላል፣ ግን ቁልፉ ሁሉ ሌላ ነው፣ ሠልፍ ባለበት አትማሪውም። ሊኑክሷ ላይ የሚሄደው፦ ፍላሽ መቀበል፣ በቴሌግራም «ልኬልሻለሁ፣ አትሚልኝ» የሚባለው ሁሉ፣ ፒዲኤፍ ማተም፣ ኦንላይን ምዝገባ መሙላት፣ ውጤት ማየት፣ ስካን ማድረግ፣ ሲቪና ማመልከቻ መጻፍ። አስቢው፣ የቀን ሥራሽ አብዛኛው ይሄ ነው።

አንድ የምፈራልሽ ነገር ቢኖር ጠጋኙ ነው። ሊኑክስ ያለባትን ማሽን ተሸክመሽ ጥገና ቤት ብትሄጂ አንዳንዱ ሳይጠይቅሽ ዊንዶውስ ጭኖ «ተሠርታለች» ብሎ ይመልስልሻል፣ ፋይልሽም አብሮ ሄዷል። ሴንትራሉ ላይ «ፎርማት አይደረግ» ብለሽ በወፍራም እስክሪብቶ ለጥፊበት፣ አልቀለድኩም። ሚንት ላይ ታይምሺፍት የሚባል አለ፤ መጀመሪያ ቀን አስነሺው። ማሻሻያ መጥቶ የሆነ ነገር ቢያናጋብሽ ሲስተሙን ወደ ትናንትናው ይመልስልሻል። የጽሑፍ ፋይሎችሽን ግን እንደ መጠባበቂያ አይዝም፣ እነሱን በውጭ ዲስክ ለብቻ ያዢ። ማሻሻያውንም በራሱ እንዳይወርድ አድርጊው፣ ዳታሽን ይጨርሰዋል፤ አንቺ በፈለግሽበት ቀን አውርጂው።

ልጁንም አትቆጪው፣ አስመጪውና ሲጭንልሽ አጠገቡ ተቀመጪ። ከመጫኑ በፊት የዚያችን ማሽን ፋይል ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጪ፣ ከዚያ ሌላኛዋ ማሽን ላይ ከፍተሽ መገልበጡን በዓይንሽ አረጋግጪ። የፕሪንተሮችሽን ሞዴል ከነቁጥሩ ጻፊልኝ፣ ሊኑክስ ላይ ይሄዱ እንደሆነ ከመጫንሽ በፊት እነግርሻለሁ።